ቢጫው ሽቦ

ቢጫው ሽቦ ምን ያደርጋል?

ፅዮን ይህን ራሷን መጠየቅ ከጀመረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ፤ ይህንን ማንም ያውቀዋል። ከስፒከሩ ሆድ የወጡት ሽቦዎች ግን ሦስት ናቸው። ከአንድ የሞተ ላፕቶፕ ፈልቅቃ ያወጣቻቸውን ሁለት ባትሪዎች ከቀዩና ከጥቁሩ ጋር በየደቻቸው። ቢጫውን እንደተንጠለጠለ ተወችው። ማብሪያውን ተጫነች።

ቀይ መብራት ሦስት ጊዜ ብልጭ አለ። ከዚያ ድርግም።

«ኢናሊላህ!» አለች ጓደኛዋ ቶይባ፣ የሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠች። «ቀብሩ መቼ ነው?»

«ዝም በይ፣ ቶይባ።»

«እኔ ምን አልኩ? የሐዋሳ ምሁር አንቺ ነሽ። የቴክኖሎጂ ክበብ ሊቀመንበር ነበርኩ አላልሽም?»

«ጸሐፊ ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ጻፊበታ!»

ፅዮን መሳቅ አልፈለገችም። የመበየጃውን ብረት ማስቀመጫው ላይ ወረወረችው። ጣቷ ሁለት ቦታ ተቃጥሏል። ለዚህ ለማይረባ ባትሪ ስትል ወልዲያ ድረስ ሄዳ ባዶ መደርደሪያ ቆጥራ ተመልሳለች። ሐዋሳ ብትሆን ስልኳን አውጥታ አንድ መስመር ትጽፋለች፣ አንድ ሰውዬ በቪዲዮ ያሳያታል፣ አለቀ። እዚህ መርሳ ግን መብራት ከመጣ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ስልክ ይደወላል፤ ኢንተርኔት የለም። የሚያውቅ ሰው ካለ ያው አባቷ ነው። አባቷ ደግሞ «እኔ እንጃ» ብሏታል።

እናቷ ከሞተች ወዲህ አራት ዓመት የተማረችው ሐዋሳ፣ አክስቷ ወይንሸት ቤት ነው። እዚያ «ወሎዬዋ» ይሏታል። እዚህ ደግሞ «ሐዋሳ» ነው ስሟ። ባለፈው ሐምሌ ክረምቱን ከአባቷ ጋር ልታሳልፍ መጣች። ነሐሴ ላይ ታጣቂዎቹ ከተማዋን ያዙና መንገዱ ተዘጋ። እስከ ታኅሣሥ ድረስ የትም መሄድ አልተቻለም።

ስፒከሩ የእነሱ አይደለም። ከውጭ የመጣ፣ ቤት ተቀምጦ በዋይፋይ ራሱ ከኢንተርኔት ዘፈን እየሳበ የሚያጫውት ዕቃ ነው። ባለቤቱ መርሳ ላይ የሚያስተምረው ወጣቱ መምህር ሄኖክ ነው። የቻርጀር መሰኪያው ላልቶበት ለአባቷ ለጠጋኙ ለካሳዬ ሰጠው። «ለቅዳሜ ይደርስልኛል?» ብሎም ነበር። ከቅዳሜ በፊት ተኩሱ ደረሰ። ሄኖክ ከብዙ ሰው ጋር በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ በእግሩ ወጣ። ካሳዬ ግን «የሰው አደራ ጥዬ የትም አልሄድም» ብሎ ከልጁ ጋር ቀረ።

መብራትም ስልክም ሲጠፋ የቀረው ራዲዮ ነበር። የራዲዮው ድንጋይ ሲያልቅ ደግሞ ምንም አልቀረም። ያኔ ነው ካሳዬ የሄኖክን ስፒከር ፈትቶ ባትሪውን ያወጣው። ከራዲዮው ጋር ሲያያይዘው ራዲዮው አወራ። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ጎረቤቱ በጓሮ በር እየገባ፣ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ፣ ዜና ይሰማ ነበር። የቶይባ አባት አጥሩ ሥር ቆሞ ወደ ውጭ ይጠብቃል። በሦስተኛው ሳምንት ባትሪው ደከመ።

«እኔ ቻርጅ አደርገዋለሁ» አለች ፅዮን። «የሶላር ፕሮጀክት ሠርተናል።»

«በቀጥታ? መቆጣጠሪያ አያስፈልገውም?» አላት አባቷ።

«አያስፈልገውም።»

እንዲህ ነበር ያለችው። አንድም ጊዜ ሳትጠራጠር። ሁሉን ነገር የምትጠራጠር ልጅ ያን ቀን ብቻ እርግጠኛ ሆነች። ባትሪውን ጣሪያ ላይ ካለችው የሶላር ሰሌዳ ጋር አገናኘችው። ከሰዓት በኋላ ሲያዩት እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቶ፣ በእጅ የማይያዝ ትኩስ ሆኗል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ሰዓት ላይ በጓሮ በር የሚገባ ሰው አልነበረም።

ከተማዋ ነፃ ስትወጣ ሱቁ ተዘርፎ ነበር። ቴሌቪዥኖቹ፣ ሪሲቨሮቹ፣ የጠረጴዛው ማሰሪያ ብረት ሳይቀር የለም። የጉዳት መዝጋቢ ኮሚቴ ሲመጣ ካሳዬ ዝርዝሩን አስጻፈ፤ የሄኖክን ስፒከርም ጨመረ። ለሄኖክ እናትም «ማርያምን፣ ወሰዱት» ብሎ ማለላቸው። ሲምል እውነት መስሎት ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ፅዮን ስፒከሩን ከጓሮው አጥር ማዶ፣ ቁልቋል ውስጥ ወድቆ አገኘችው። ባትሪ ስለሌለው አልነሳ ሲላቸው ዘራፊዎቹ ወርውረውት ሄደዋል። እየሮጠች ይዛው ገባች። አባቷ ዕቃውን አየ፣ እሷን አየ፣ ፊቱ ግን አልተፈታም።

«ምነው አባዬ? ተገኘ እኮ!»

«ተገኘ። ባትሪውስ የት ሄደ ሲሉኝ ምን ልበል?»

ከዚያ ወዲህ ስለ ስፒከሩ አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። ፅዮን ግን ፈታታችው።

«ፅዮን!» አለች ቶይባ፣ የብርቱካኑን ልጣጭ ጥላ እየተነሳች። «እትዬ ፀሐይ!»

የሄኖክ እናት እትዬ ፀሐይ ከአስፋልቱ ማዶ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይመጣሉ። መርሳ አጠገብ ያለችው የግራና መንደር ገበሬ ናቸው፤ ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ፅዮን ሳታስበው የእጅ መጥረጊያውን ትልቅ ጨርቅ አንስታ ስፒከሩ ላይ ጣለችው። አባቷም ከጓዳ ወጣ።

«እንደምን ዋላችሁ፣ ልጆቼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይቀመጡ፣ እትዬ ፀሐይ።»

«አልቀመጥም፣ ገበያው ይፈታብኛል። ይቺን ስልክ እዪልኝ ብዬ ነው።» ከመቀነታቸው መሐረብ አወጡ፤ ከመሐረቡ ትንሽ ባለቁልፍ ስልክ። «ትሠራለች ወይ? ሄኖክ ሲደውል ሳልሰማ ቀርቼ እንዳይሆን ነው። ጆሮዬም እንደ ድሮው አይደለም።»

ፅዮን በቀኝ እጇ ተቀበለቻቸው። ግራ እጇ ጨርቁ ላይ ነው፤ ካነሳችው ጨርቁ የሚንሸራተት መሰላት። ስልኩ ይሠራል። ድምፁ እስከ መጨረሻው ከፍ ብሏል። ያልተነሳ ጥሪ የለም።

«ይሠራል፣ እትዬ።»

«ይሠራል?»

«አዎ። ማንም... ማለቴ፣ ደህና ነው።»

ሴትዮዋ ስልኩን መልሰው ጠቀለሉት። «ጥቅምት ላይ ደሴ ያየው ሰው አለ። ከስቶ ነበር አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንግዲህ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። «ተከራይቶባት የነበረችውን ክፍል ዛሬ ጠረግኋት። ግድግዳ ብቻ ናት። ያ የሚዘፍነው ዕቃው እንኳ ቢተርፍ፣ ሲመጣ የሚጠብቀው ነገር ነበረው። ይሁን፣ ካሳዬ። ከሰው አይበልጥም። አንተ ምን ታደርግ?»

«ምን ይደረጋል፣ እትዬ» አለ ካሳዬ መሬት መሬቱን እያየ።

ፅዮን አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችና ጨርቁን ጫን አለችው። እትዬ ፀሐይ ለሦስቱም ጸሎት የመሰለ ምርቃት መርቀው ወደ ገበያው ሄዱ። ፅዮን በምርቃቱ መሐል «አሜን» ማለቷን ያወቀችው ኋላ ነው።

ቶይባ አልቀለደችም። «ሼም ነው፣ ፅዮን» አለች ቀስ ብላ። «ወላሂ ሼም ነው። እኔም ዝም አልኩ።» ወደ ቤቷ ሄደች።

አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። አንድ የጭነት መኪና ወደ ወልዲያ ሲያልፍ የሱቁ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ፅዮን ጨርቁን ገፈፈችና የቢጫውን ሽቦ ጫፍ ይዛ ተቀመጠች። መጎተት፣ መበጠስ፣ ሁሉንም ነገር መልሳ ቁልቋል ውስጥ መወርወር አማራት።

«የሙቀት ነው» አለ አባቷ።

«ምኑ?»

«ቢጫው። ባትሪው ሲግል ለማሽኑ ይነግረዋል። ማሽኑ የሚነግረው ካጣ አልነሳም ይላል። የሞባይል ባትሪም ሦስተኛ እግር ያለው ለዚህ ነው።»

ፅዮን ቀና ብላ አየችው። አባቷ አሁንም ወለሉን ነው የሚያየው።

«ታውቅ ነበር?»

ወለሉ ላይ የወደቀ ብሎን አንስቶ ኪሱ ከተተ።

«አባዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ! ጣቴን እስካቃጥል! ወልዲያ ስሄድም ታውቅ ነበር?»

«ካልሠራልሽ ትተዪዋለሽ ብዬ ነው።» ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። «ከተነሳ መነሳቱ ይነገራል። መነሳቱ ከተነገረ ሌላውም ይነገራል። የጠጋኝ ሀብቱ ምንድን ነው? ሰው ዕቃውን አምኖ ማስቀመጡ ነው። አደራ በላ ከተባልኩ ሱቁን ልዝጋው።»

ፅዮን የሽቦውን ጫፍ ለቀቀችው። ተናድዳበት ነበር። አሁንም ተናድዳለች። ግን እንዲህ አንገቱን ደፍቶ አይታው አታውቅም።

«የድሮው ባትሪ የት ነው?» አላት።

«ጓሮ፣ አሸዋ የሞላው ጣሳ ውስጥ።»

«አናቱ ላይ ሙቀቱን የምትለካ አረንጓዴ ቺፕ አለች። መነካት የሌለበት የተነፋው ነው። እሷን ብቻ እናነሳለን። እኔ እይዛለሁ።»

ጓሮ አሸዋው ላይ ተንበረከኩ። አባቷ የተነፋውን ባትሪ በወፍራም ጓንት ያዘ፤ እሷ በላዩ የተጠቀለለውን ፕላስተር በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ላጠችው። ከፕላስተሩ ሥር የጥፍር ያህል ቺፕ ብቅ አለች፤ ከእሷ ጋር የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ ተያይዛለች። ቢጫው ሽቦ ሲፈልጋት የኖረው እሷን ነው። ባትሪውን መልሰው አሸዋ ውስጥ ቀበሩት። ፅዮን ቺፕዋን ከአዲሶቹ ባትሪዎችና ከቢጫው ሽቦ ጋር በየደች። አባቷ ክርኗን ከሥር ደገፈላት። ነጥቧን በፕላስተር ባትሪው ጎን ላይ አጣበቀቻት፤ ክዳኑን ገጠመች፤ ማብሪያውን ተጫነች።

አረንጓዴ መብራት በራ። አልጠፋም።

አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ «ዝግጁ ነኝ» አለች ከውስጡ። ቀጥላ ኔትወርክ እየፈለገች እንደሆነ ተናገረች። ቀጥላ ማግኘት እንዳልቻለች ተናገረች። ትንሽ ቆይታ መልሳ ሞከረች፤ መልሳ አጣች። የምትፈልገው የሄኖክን ክፍል ዋይፋይ ነው፤ ክፍሉ ደግሞ ግድግዳ ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ መከራ በኋላ ዕቃው ይሠራል፤ የሚያጫውተው ግን ምንም የለም። ፅዮን ጮሃ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

ድምፁን ሰምታ ይሁን በሌላ፣ ቶይባ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማለች። «ተነሳ እንዴ?» አለች። «ቆይ፣ ብሉቱዝ ይኖረዋል።» ስልኳን ነካካችና አንድ የቆየ የድምፅ መልእክት ከፈተች። ጂዳ የምትሠራው እህቷ ከድጃ ከጦርነቱ በፊት የላከችው ነው። የከድጃ ድምፅ ሱቁን ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ፦

«ቶይባ! እማን ጫማው ጠበባት ወይስ ልኳ ነው? ደግሞ ማስቲካሽን እያላመጥሽ መልስ አትላኪልኝ፣ በጆሮዬ ፍየል የምታመነዥክ ነው የሚመስለኝ!»

የባጃጅ ሾፌሮቹ ዘወር ብለው ሳቁ። ቶይባም ሳቀች። መልእክቱ ሲያልቅ ግን ስልኩን ደረቷ ላይ ያዘችው።

ካሳዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «በቃ፣ ወድቆ አገኘነው እንላለን። ውሸትም አይደለም፤ ቁልቋል ውስጥ አይደል የተገኘው?»

«ባትሪውስ?»

«ባትሪውን ማን ይጠይቃል? ሐዋሳ የተማረ ካልነገራቸው በቀር።»

ሊያስቃት ነበር። ፅዮን አልሳቀችም። አባቷ ልክ ነው፤ ማንም አይጠይቅም። በዚህ ወር መርሳ ውስጥ የጎደለ ነገር ሁሉ፣ በርም ይሁን በግ፣ ወሰዱት የሚባሉት ታጣቂዎቹ ናቸው። አብዛኛውንም በእርግጥ እነሱ ወስደውታል። አንድ የተነፋ ባትሪ ቢጨመርበት ለማን ይከብዳል? ደግሞስ እውነቱን መናገር ማንን ይጠቅማል? ልጃቸውን አይመልስላቸው። እዚህ ላይ ቆማ ብዙ አሰበች፤ ምንም እርግጠኛ አልሆነችም። እርግጠኛ የሆነችው ባትሪውን ማን እንዳበላሸው ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለች። «ነገ ግራና ሄጄ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እኔስ? የማልኩትስ?»

«ስትምል እውነት መስሎህ ነው። ዛሬ ግን አውቀህ ዝም አልክ። እኔም።»

ቶይባ ብርቱካን የነካ እጇን ልብሷ ላይ ጠረገች፤ ወዴት እንደምታይ ጠፋት። ካሳዬ ጃኬቱን አውልቆ ስፒከሩን ጠቀለለው፤ እጅጌዎቹን እንደ ገመድ አሠራቸው።

«ባጃጅ ላይ በጭንሽ ያዢው» አለ። «ከሥር ይንጣል። ዝርዝሩን... ሰኞ ኮሚቴው ጋ እሄዳለሁ።» ወደ ጓዳ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ፀሐይ ደጃቸው ላይ ማሽላ እያበጠሩ ነበር። ጃኬቱ ሲፈታ ሰፌዱ እጃቸው ላይ ቆመ። ስፒከሩን በጣታቸው ጫፍ ነኩት፣ ይፋጅ እንደሆነ ድስት እንደሚነኩ። ፅዮን ቆማ ነገረቻቸው። ራዲዮውን፣ ሶላሩን፣ ቁልቋሉን። ባጃጅ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ጠፍቷት ነገሩን ከኋላ ወደ ፊት አወራችው።

«ትናንት የት ነበር?» አሉ እትዬ ፀሐይ።

«እዚያው ነበር።»

«እዚያው የት?»

«ጨርቁ ሥር።»

ማሽላው ላይ ድንቢጦች ወረዱ። ሴትዮዋ አላባረሯቸውም።

«ስልኬን በአንድ እጅሽ ይዘሽ፣ በሌላው እሱን?»

«አዎ።»

«አሜንም ብለሻል።»

እትዬ ፀሐይ ስፒከሩን አንሥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ሲናገሩ ድምፃቸው ቁጣ ብቻ አልነበረም።

«ራዲዮኑ ስለ ደሴ ምን ይል ነበር?»

«የሸሸው ሰው ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠልሏል ይል ነበር። ምግብ አጥሯል ይል ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ባትሪው ተበላሸ።»

«ከዚያ ወዲህ ያለውን አልሰማችሁም።»

«አልሰማንም። እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔ?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትናንት ስለዋሸሽኝ እኔው ከራሴ ጋር እነጋገራለሁ። ስለ ዕቃው ግን ዕቃው የእኔ አይደለም። በሰው ንብረት ምን ብዬ ይቅር እላለሁ? ለባለቤቱ ንገሪው።»

«ስልኩ ዝግ ነው ተብሎ...»

«ለእኔም ዝግ ነው። እኔ መደወል እንጂ መጻፍ አላውቅም። አንቺ ጻፊለት። የተጻፈ ይቆየዋል፤ ሲከፍተው ያገኘዋል።»

ፅዮን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። መጀመሪያ የጻፈችው ረጅም ነበር። «መብራት ስላልነበረ»፣ «ሰው ሁሉ ዜና ስለፈለገ»፣ «ባላውቅም» የሚል ሞልቶበታል። አጠፋችው። ሁለተኛውንም አጠፋችው። ሦስተኛውን ጽፋ ስትጨርስ እትዬ ፀሐይ «አንብቢልኝ» አሉ። አነበበች፦

«መምህር ሄኖክ፣ የጠጋኙ የካሳዬ ልጅ ፅዮን ነኝ። ስፒከርዎ አልተዘረፈም። ባትሪውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሌላ ቀይሬበታለሁ፤ የድሮውን ያህል አይቆይም፣ ግን ይሠራል። ግራና እናትዎ ጋር ነው። የሚሉኝን እቀበላለሁ።»

«ማሽላው ገብቷል በዪው» አሉ እትዬ ፀሐይ። «ቤቱም ተጠርጓል በዪው። ሌላ ምንም አትጨምሪ፤ ይጨነቃል።»

ሁለቱንም ጨመረችና ላከችው። ስልኩ «ተልኳል» አለ። አንዲት ባጃጅ ከገበያው መንገድ ወጥታ ወደ መርሳ ጥሩምባ ነፋች፤ ፅዮን አልተነሣችም። እትዬ ፀሐይም ወደ ሰፌዳቸው አልተመለሱም። ጎን ለጎን ተቀምጠው የስልኳን መስታወት አዩዋት፣ መብራቷ ጠፍቶ የሁለቱ ፊት ብቻ እስኪታይባት።

መልስ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። የካቲት ገብቶ ፅዮን ሐዋሳ ስትመለስም አልመጣም።